ሲ የሚሳፈርበት ቦታ

ከባምባሲ ወደ አሶሳ በሚኒባስ እየሄድን ነው። ልጄ የዛሬውን የሒሳብ የድጋሚ ፈተና ካላለፈች ከዩኒቨርሲቲ ትባረራለች። አጠገቧ የተቀመጠ የማናውቀው ተማሪ ደብተሯ ላይ የምትሠራውን የካልኩለስ ጥያቄ አየና፦

«እህቴ፣ ተሳስተሻል።»

«የቱ ጋ?»

«ዋይ ፕራይም ሁለት ዋይ ነው፣ ዜሮ ላይ ዋይ ሦስት ነው ተብሏል። አንቺ ያልታወቀውን ቋሚ ቁጥር፣ ሲን፣ መጨረሻ ላይ ደመርሽው።»

«ታዲያ የት ልደምረው?»

«ተሳፋሪ አሶሳ ከደረስን በኋላ ይጫናል እንዴ? ሲ የሚሳፈረው ኢንቴግሬት ስታደርጊ ነው!»

ልጄ እንደገና ጻፈች።

«ቆይ… ሎጉን ሳነሳው ሲ ማባዣ ሆነ! ዜሮን ሳስገባ ደግሞ ሲ ራሱ ሦስት ነው!»

«መልሰሽ አረጋግጪ።»

«ልክ መጣ! በሁለቱም በኩል ልክ መጣ! ሁልጊዜ የሚጥለኝ ይሄ ነበር!»

«ወላሂ፣ ዛሬ ፈታኙ ይጨነቅ!»

ከባምባሲ ጀምሮ ጨምድጄ የያዝኩትን የነጠላዬን ጫፍ ለቀቅኩት።