የጋሼ ሰንበታ መዳፍ

ስሚኝማ የኔ እህት፣ ይሄን ነገር ሌላ ሰው ቢነግርሽ አታምኚውም። እኔ ግን ጋሪው ላይ ስለነበርኩ እመኚኝ። ወሬ ካረዘምኩብሽም አትቆጪ፣ መቼም ታውቂኛለሽ። ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅኩ ነው፤ እቤት ደግሞ የሚሰማኝ ሰው ጠፍቷል።

ትምህርቴን ብጨርስም የፊልም ክበባችንን አልተውኩትም። የክበቡ ኃላፊ ጋሽ መርዳሳ ናቸው፣ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ዓርብ ዕለት፣ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ተውሰው ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ የውጭ ሰዎች የቀረፁትን ዘጋቢ ፊልም አመጡልን። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረን ቁጭ አልን። ጥሩ እየሄደ እያለ፣ ሰዎች እህል ለመቀበል የተሰለፉበት ጋ ሲደርስ ድርግም። ድምፁም አብሮ ጠፋ። አንዱ አፏጨ። ሁለት ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ ቆየን። ሲመለስ ሰዎቹ ጆንያ እየጫኑ ነው።

ያጠፉት ጋሼ ሰንበታ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው፣ ፕሮጀክተሩንም የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ናቸው። ሌንሱ ላይ መዳፋቸውን ጭነው፣ በሌላኛው እጃቸው ድምፁን ቀንሰውት ነበር። እኔ ከኋላ ስለተቀመጥኩ አይቻቸዋለሁ።

ረቡዕ ላይ ከተማው ሁሉ ስለዚያ ፊልም ያወራ ነበር። ሐሙስ ጋሽ መርዳሳ ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ፊት እንዲቀርቡ ደብዳቤ ደረሳቸው። ክበቡ ይዘጋል፣ እሳቸውም ወደ ሩቅ አገር ይዛወራሉ ተባለ። የሁለት ወር አራስ ሚስት ያለቻቸው ሰው ናቸው።

ቅዳሜ አክስቴ ከአዳሚ ቱሉ የላከችልኝን ሽንኩርት ልቀበል ወደ መነኻሪያ ጋሪ ተሳፈርኩ። ዞር ብል አጠገቤ ማን ተቀምጧል መሰለሽ? ጋሼ ሰንበታ። ጭናቸው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ክብ ቆርቆሮ ይዘዋል። ተነስቼ ሰላም ልል ስሞክር ጋሪው አንገጫግጮ መልሶ አስቀመጠኝ።

«አካም ጅርታ፣ የሺዓለም። ተቀመጪ፣ ፈረሱ አክባሪ አይደለም» አሉኝ እየሳቁ።

ምን እንደያዙ ጠየቅኳቸው። ፊልሙ ነው። በአዲስ አበባ አውቶቡስ ለባለቤቶቹ ሊመልሱት ነው። ፊልሙ ከሄደ ጋሽ መርዳሳ ሰኞ ምን አሳይተው ነው «እኔ ያሳየሁት ይሄን ነው» የሚሉት? ይሄን ስነግራቸው ረጋ ብለው፣ ክፉ ነገር ከከተማው ሲወጣ ወሬውም አብሮ ይወጣል አሉኝ።

እንግዲህ እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያን ዕለት ለምን ሸፈኑብን?»

ልማድ ነው አሉ። በንጉሡ ጊዜ የከተማው ሲኒማ ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር። ፊልሙ ላይ ሰው ሊሳሳም ሲል ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ያስላሉ፤ ባለቤቱም ሽማግሌዎቹ እንዳይቀየሙት ሸፍን ብሎ አዟቸው ነበር። «መሳም ሲመጣ ሳል ይመጣል፣ ሳል ሲመጣ የኔ እጅ ይመጣል። ዘመኑ ሲለወጥ መሳሙን ተውኩና ሌላውን መሸፈን ጀመርኩ።»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ስልሳ ዘጠኝና ሰባ ላይ አንቺ ሕፃን ነበርሽ። የወንድሜ ልጅ ሆራ ደብተሩ ውስጥ አንዲት ወረቀት ተገኘችበት። ምን እንደተጻፈባት እንኳን እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ታዲያ እኔ ያን ዕለት የሸፈንኩት ፊልሙን መሰለሽ? እናንተን ነው።»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ማለቴን ልብ በይልኝ። ጋሪው የባቡር ሐዲዱን ተሻገረ። ለካ ፈሪ ሰው ሁሉ ለራሱ ብቻ አይደለም የሚፈራው።

ከዚያ ቀስ ብዬ፣ ስለ ድርቁ እኮ በየቤቱ ይወራል፣ ትልልቆቹ ሲያንሾካሹኩ እኛም ግማሽ ግማሹን እንሰማለን አልኳቸው። ትምህርት ቤት ከሆነ ግን መብራት በርቶ፣ አስተማሪ ባለበት፣ ማን ቀረፀው፣ ምን አስቀረ ብለን እንጠይቃለን።

«ልጅ ያየውን ያምናል» አሉ። «አስተማሪ ቢሳሳት እጅሽን አውጥተሽ ትጠይቂዋለሽ። አንሶላ ላይ ያለን ሰው ምን ትይዋለሽ? ደግሞ እነዚያ ፈረንጆች እኮ ያሳዩት የራሳቸውን ጆንያ ነው። እዚህ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ሴቶቹ ለተራቡት በሶ በቅል ይዘው ወጥተዋል፤ እኔ ራሴ ብርድ ልብስ ተሸክሜያለሁ። ከነዚያ ሴቶች አንዲትም ፊልሙ ውስጥ አልገባችም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ይሄንን እኮ እኛ አናውቅም። ፊልሙ እንዳለቀ ተነስተው ይሄን ቢነግሩንስ ኖሮ?»

ጋሼ ሰንበታ ጋዜጣው ላይ ያረፈውን አቧራ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

ይሄኔ ከተማው ሁሉ በስሙ የሚጠራው ባለጋሪ መሐመድዘይን የመጨረሻዋን ብቻ ሰምቶ ኖሯል፣ ዞር አለ። ተሳፋሪዎቹ እነማን እንደሆኑ አላወቀም።

«ስለዚያ ፊልም ነው የምታወሩት? ጉድ እኮ ነው። አንድ ባለሥልጣን የእርዳታ ስንዴ ሲቸበችብ፣ ስሙና ማዕረጉ ሳይቀር ተጽፎ ይታያል አሉ። አስተማሪው ነው አሉ በድብቅ ያስገባው።»

«ማን አየ?» አሉ ጋሼ ሰንበታ።

«የጎረቤቴ ልጅ ደራርቱ። ወላሂ፣ እዚያው ነበረች።»

መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። ደራርቱ እኮ የልብ ጓደኛዬ ናት፤ ያን ዕለት ትከሻ ለትከሻ ነው የተቀመጥነው።

«እና ስንዴውን ሲሸጥ በዓይኗ አየች?» አሉት ጋሼ ሰንበታ።

«እሷማ ያየችው ጨለማ ነው» አለ መሐመድዘይን ፈረሱን እየነካ። «ግን አንድ ሽማግሌ ተሯሩጦ እጁን ጭኖበታል አሉ። ምንም ከሌለበት ለምን እጁን ይጭናል፣ አባቴ? ባዶ ድስት ማን ይከድናል?»

ጋሼ ሰንበታ ቀኝ እጃቸውን አነሱና መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። መነኻሪያው በር ስንደርስ እኔ ጠጋ ብዬ፣ እውነት እጃቸው ሥር ምን እንደነበረ ጠየቅኳቸው። ዓርብ ጠዋት ብቻቸውን ሞክረውት ስለነበር ከሳቸው ሌላ የሚያውቅ የለም።

«አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው» አሉኝ ዝቅ አድርገው። «በኦሮምኛ ነው የሚናገረው። ‹ዝናቡ እንደሚቀር ከዓመት በፊት ነግረን ነበር፣ የሰማን የለም› ይላል። ከዚያ ውሃ ይጠጣል። በቃ።»

«ስንዴ የሚሸጥ ባለሥልጣንስ?»

«የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ በዚህ እጅ።»

አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ረዳቱ «አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ» ይላል። ጋሼ ሰንበታ ቆርቆሮውን ደረታቸው ላይ እንዳስደገፉ ቆዩና፣ «መሐመድዘይን፣ መልሰን። ወደ ዳይሬክተሩ ቤት» አሉ።

«ምነው አባቴ፣ ምን ረሱ?»

መዳፋቸውን ፊቱ ላይ ዘረጉለት። «የተሯሯጠው ሽማግሌ እኔ ነኝ። እጁም ይሄ ነው።»

የመሐመድዘይንን ፊት ብታይው። የሽንኩርቴን ነገር ሳልነግርሽ፤ እዚያው መነኻሪያ አደረ።

ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ተቆጡ። ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ይሄን ተናዝዞ ምን ሊያተርፍ ነው አሉ። ጋሼ ሰንበታ፣ ያንዱን ልጅ ወረቀት ሳናነብ አስወስደናል፣ ያስተማሪውን ፊልም ሳናሳይ አናስወስድም ብለው ቆሙ። በመጨረሻ ሰኞ ጠዋት ፊልሙ ሙሉውን እንዲታይ ተስማሙ፤ እኛም፣ የወላጅ ኮሚቴውም፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡት ሁለት ሰዎችም ባሉበት።

ሰኞ ያ ቦታ ሲደርስ ሁላችንም የምናየው አንሶላውን ሳይሆን ጋሼ ሰንበታን ነበር። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ሽማግሌው ገበሬ ተናገረ፣ ውሃውን ጠጣ፣ አለፈ። ማንም አላፏጨም። መብራት ሲበራ ጋሽ መርዳሳ፣ ይሄ ፊልም ምን አላሳየም ብለው ጠየቁ። መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ጋሼ ሰንበታ ናቸው፣ ልክ እንደ ተማሪ። የባቡር ጣቢያውን ሴቶች ነገር ተናገሩ። ከወላጆቹ አንዷ፣ ከነዚያ ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ ብላ ተነሳች። ሁለቱ ሰዎች ፊታቸውን አልፈቱም፣ ማስታወሻም ጽፈዋል። ቢሆንም ጋሽ መርዳሳ እዚሁ ይቀራሉ፣ ክበቡም አስተማሪ ባለበትና ውይይት እየተደረገ ይቀጥላል ብለው ሄዱ።

ጥቅሙን አንቺው እዪው። የስንዴ ሻጩ ወሬ በሦስት ቀን ጠፋ፤ ያጠፋውም ራሱ መሐመድዘይን ነው፣ ተሳፋሪ በጫነ ቁጥር እውነቱን ይናገራል። ልጆቹ አሁን ፊልም ሲያዩ ጥያቄ ይጽፋሉ። አከራካሪ ነገር በአስተማሪ ፊት ከታየ ልጅ መጠየቅ ይማራል፤ ከተሸፈነበት ግን ማሾክሾክ ነው የሚማረው። ጋሼ ሰንበታም ስለ ሆራ አንድ ቀን ክበቡ ውስጥ አወሩልን፤ እስከዚያ ጋሪው ላይ ለኔ ካልሆነ በቀር ስሙን ጠርተው አያውቁም ነበር።

ደራርቱን ግን አልማርኳትም። ሰኞ ስንወጣ፣ ያን ሁሉ ወሬ አውርተሽ አሁን ምን ትያለሽ አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና የመለሰችልኝን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«ያ የፊልሙ ሽማግሌ እኮ ቁርጥ አያቴን ነው የሚመስለው፣ የሺ። አያቴም በየቀኑ ምሳ ላይ ይሄንኑ ነው የሚለው። አያቴ አፍ ላይ ደግሞ እስከ ዛሬ እጁን የጫነ ሰው የለም፣ ይነክሳላ።»