በሻካርሞ ላይ የተያዘው ወረቀት

ኢማትሾ በጉንት ወንዝ ዳር ካለው ገበያ ተነስታ ሽቅብ ወደ ፓሚር ተራራ መንደሮች የምትወጣው መኪና ውስጥ ገብቶ፣ እስክትሞላ ይጠብቃል። የደረት ኪሱ ውስጥ የሚስቱ የደም ምርመራ ውጤት አለ። የሚሄደው ወደ ወንድሞቿ ነው፤ «እህታችሁን ውሰዱልኝ» ሊላቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ ተኝታ የምትውል፣ በሐምሌ ፀሐይ ሱፍ ደርባ የምትንቀጠቀጥ፣ አንዲት ላም ለማለብ ግማሽ ቀን የሚፈጅባት ሴት አንገሽግሻዋለች።

ከጎኑ መጥታ የተቀመጠችው የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ኔክባህት ሆነችና ፊቱን አዞረ። አባቷ መምህር ሳብዛሊ ኢማትሾን «አንተ ለበግ እንጂ ለደብተር አልተፈጠርክም» ብሎ ከሰባተኛ ክፍል በልጆች ፊት ያባረረው ሰው ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ለኢማትሾ ግን ትናንት ነው።

«ደህና ነዎት አጎቴ? ሻካርሞስ እንዴት ናት?»

«ተኝታለች፤ ሌላ ምን ታውቃለች!»

«ታማ እንዳይሆን። ፊቷ ማበጡን፣ ድምጿ መጎርነኑን አላዩም? በመኸር ተጓዥ ሐኪሞች ደሟን ወስደው ነበር አሉ።»

የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ወረቀቱን መዘዘ።

«ይኸውልሽ! የአንገት ዕጢ ልኩ እስከ አራት ነው ይላል፤ የሷ ስልሳ አንድ! የወይፈን ጉልበት ይዛ ነው የምትተኛው። ለወንድሞቿም የማሳየው ይህን ነው። ለአባትሽም ንገሪው፣ በግ ጠባቂው ያነባል በይው!»

ሾፌሩ ሳቀ። ኔክባህት አልሳቀችም።

«ቁጥሩን ልክ አንብበዋል። ግን ስልሳ አንዱ የዕጢው ጉልበት አይደለም፤ ጭንቅላት ለዕጢው የሚልከው ትእዛዝ ነው። ‹ሥራ!› የሚል ጩኸት ይበሉት። ዕጢው ደህና ሲሠራ ጭንቅላት በለሆሳስ ይናገራል። ሲደክምበት ይጮሃል፤ በደከመ ቁጥር ይብስበታል።»

«እሺ፣ ዕጢው የሠራውስ የታለ?»

«እጥፋቱ ላይ» ብላ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። «ዝቅተኛው ልክ አሥራ ሁለት፤ የሷ ሦስት። ሁለቱ አብረው ነው የሚነበቡት። ጩኸቱ ከፍ፣ ሥራው ዝቅ ካለ ዕጢው ደክሟል ማለት ነው።»

«ማሽን አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል። ለዚህ ነው ሐኪም የሚያያት፣ ካስፈለገም ደሟ እንደገና የሚመረመረው። ግን ከዚያ ሁሉ ብርድና እብጠት ጋር እንዲህ ያለ ቁጥር…»

ኢማትሾ ወረቀቱን አፈጠጠበት። ቁጥር መጥራት ማንበብ አለመሆኑን የነገረው አልነበረም። ሐኪሞቹ ወረቀቱን በመኪና ልከውለት፣ አንድ ቃል ሊያስረዳው ሽቅብ ወደ መንደሩ የወጣ የተማረ ሰው የለም። እርሱም ወርዶ አልጠየቀም፤ ከተጠየቀው ሰው አፍ የመምህር ሳብዛሊ ድምፅ እንዳይወጣ ፈርቶ።

«እና ጭንቅላቷ ከውስጥ ይጮህባታል?»

«ቀንና ሌሊት።»

«እኔ ደግሞ ከውጭ» አለ፣ ለራሱ።

ኔክባህት የሰማች አልመሰለችም። «መድኃኒቱ ትንሽ ክኒን ነው አጎቴ። ሐኪሙ ልኩን ይወስናል። በየቀኑ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ። ሺርቾዩን አደራ! ጨውና ወተት ያለውን ሻይ ከአንድ ሰዓት በኋላ ትጠጣው፤ አለበለዚያ ክኒኑን ያባክነዋል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደሟ እንደገና ይታያል፤ ጩኸቱ ከቀነሰ መድኃኒቱ ሠርቷል። ብርዱ ይለቃታል፣ ፊቷ ይመለሳል፣ ላሟንም እየዘፈነች ታልባለች።»

«ስምንቱ ዓመትስ?»

«እሱን የሚመልስ ክኒን የለም።»

መኪናዋ ሞላች። ኢማትሾ ወደ ወንድሞቿ መሄዱን ትቶ ወረደ። «ነገ ወደ ሆስፒታል ይዣት እመጣለሁ» አለ። «ለአባትሽ… ተይው፣ ምንም አትበይው።»

ወደ ራሱ መንደር በምትሄድ ሌላ መኪና ቤት ሲደርስ ሻካርሞ ምሰሶው ሥር ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታለች። በሩ ላይ ቆሞ፣ በዕድሜው ጠርቷት በማያውቀው ለስላሳ ድምፅ «ሻካርሞ» አላት።

ደንግጣ ምሰሶውን ጨበጠች። «ተነሳሁ፣ ተነሳሁ… አትጩህብኝ።»

«አልጮህኩም» አላት። እሷ ግን መነሳቷን አላቆመችም።