በቁሟ የተለፈፈባት እናታችን

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ብዙወርቅ ሳህሌ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ
አድራሻ፦ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያ ሰፈር
ቀን፦ ሰኔ 14 ቀን 1997 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ በአቶ ኩምሳ ሮሪሳ ላይ የደረሰ ድብደባ

ተጠርጣሪው አምባው ሳህሌ የእናትና የአባቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሥራው የአስፈሪ ፊልም ዳይሬክተር ነው። የግል ተበዳይ አቶ ኩምሳ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው፤ እኚህ ሽማግሌ ክፉ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ወንድሜ መጀመሪያ የሠራቸውን ፊልሞች ሰው ስቆባቸው ወጣ። በዚህ ተናዶ ባለፈው ጥቅምት እኛ ቤት መጣና «ተዋናይ ሲያለቅስ ተመልካች ያውቅበታል፤ የእውነት ለቅሶ እፈልጋለሁ» አለ። «ሟርት ነው፣ ተው» ብዬዋለሁ። እናታችን ወ/ሮ በላይነሽ ግን ለእሱ እምቢ ማለት አታውቅም ነበርና ጓዳ ተደበቀችለት። እሱም አቶ ኩምሳን «እናቴ አረፈች» ብሎ ዋሽቶ ጥሩምባ አስነፋ። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየደቃ ሲገባ በመስኮት ቀረጸው። ከዚያ እማዬ ከጓዳ ወጥታ «ይቅር በሉኝ፣ ለልጄ ብዬ ነው» አለች። አንዳንዱ ረገማት፣ አንዳንዱ ነጠላውን መልሶ ለብሶ ሄደ። ለፊልሙ ከሳሪስ እስከ ፒያሳ ሰው ተሰለፈለት፤ አምባውም ስም አወጣና ቦሌ ገባ። እኛን ሰላም የሚለን ጠፋ።

ሰኔ 12 ቀን ንጋት ላይ እናቴ በእውነት ሞተች። አቶ ኩምሳ ዘንድ ብሄድ «ልጄ፣ ደግሞ ልታሾፉብኝ?» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ቤት አስገብቼ ፊቷን ገልጬ አሳየኋቸው። አልቅሰው ወጡና በሐዲዱ ዳር ሰፈሩን ሁሉ እየዞሩ ነፉ። የመጣ የለም። አንዲት ጎረቤት ብቻ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ዛሬስ ካሜራውን የት ደበቃችሁት?» አለችኝ።

አምባው ረፋዱ ላይ ሲደርስ ግቢው ባዶ ነበር። ነፍተው ተመልሰው ደጃፋችን የቆሙትን ሽማግሌ «አንተ፣ ለምን አልነፋህም?» ብሎ በጥፊ መታቸው፤ ሲወድቁም በእርግጫ ደገማቸው። ክንዳቸው የተሰበረው ያኔ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ለቀብር ስንወጣ «ራሱ ነው የወደቀው ትያለሽ» አለኝ። አልልም። እናቴ ለእሱ ብላ ዋሽታ ቀባሪ አጥታለች።

አስከሬኑን የተሸከሙልኝ ከባቡር ጭነት የሚያወርዱ፣ ለምኜ ያመጣኋቸው ሰዎች ናቸው። አምባው መቃብሩ አፈር ላይ እየተንከባለለ ሲያለቅስ አንደኛው ለጓደኛው «አየኸው? ሲችልበት» አለው። እህቱ ነኝ፣ ዝም በሉ ማለት ነበረብኝ። እኔም ለቅሶው የእውነት ይሁን የፊልም መለየት አቅቶኝ ዝም አልኩ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ያልኩት እንደሆነ አረጋግጫለሁ። ወንድሜን ለመጉዳት የጨመርኩት፣ ለማዳን የቀነስኩት የለም፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ብዙወርቅ ሳህሌ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ረ/ሳጅን ሁንዴ ኦልጅራ