ለሰርጉ የዘገየው ወንድም

ማዱራይ፣ ደቡብ ህንድ፤ ከዓይን ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል፤ ጠዋት፤ ዘውገ ከነሻንጣው አሁን መግባቱ ነው፤ ታናሽ እህቱ ትርንጎ ግራ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ አልጋው ላይ ተቀምጣለች።

ዘውገ፦ አንድ ቃል ብቻ እኮ ነው የምልሽ! ለእማዬ ደውይና «ዘውገ ከአጠገቤ አልተለየም» በያት፤ በቃ።

ትርንጎ፦ ስድስት ቀን የተለየኝንስ ሰውዬ የት ላድርገው?

ዘውገ፦ በልቤ እዚሁ ነበርኩ!

ትርንጎ፦ ልብህ በሩን አላንኳኳም ጋሼ። ያንኳኳችው የባለማረፊያው ሚስት ናት።

ዘውገ፦ መንገዱን ብታዪ አትፈርጂብኝም ነበር። ለበዓሉ የወጣው ሕዝብ ሦስት ሚሊዮን... ምን ሦስት፣ ሰባት ሚሊዮን! ዝሆኑንማ አራት መቶ ሲደርስ መቁጠር ተውኩ። አንዱ ኩምቢውን አናቴ ላይ ጭኖ መረቀኝ። ጠባቂው «ይሄ ትልቅ ሰው ነው» አለ።

ትርንጎ፦ በምን ቋንቋ?

ዘውገ፦ ትልቅ ሰው በየትም አገር ያስታውቃል።

ትርንጎ፦ እኔም በዚህ መስኮት ዝሆን አይቻለሁ። አንድ። እሱንም ግማሹን።

ዘውገ፦ ተይ እንጂ... በቀኝ በኩል ልምጣ? ታዪኛለሽ።

ትርንጎ፦ እዚያው ሁን።

ዘውገ፦ እሺ። በዓሉ የምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ባለታክሲው ሲነግረኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሚናክሺ የምትባል የከተማዋ አምላክ ትዳራለች። ወንድሟ ሊድራት በወርቅ ፈረስ ይመጣል። በየመንገዱ ሰው «አንድ ጊዜ ጎራ በልልን» እያለ ያቆመዋል፤ እሱም መከበሩ ደስ ይለዋል። ሲደርስ ሰርጉ አልቋል! ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ!

ትርንጎ፦ ከዚያስ?

ዘውገ፦ ከዚያማ «ደርሰናል» አለኝና ወረድኩ።

ትርንጎ፦ ሁሌም መጨረሻው ሲመጣ ትወርዳለህ።

ዘውገ፦ አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ትርንጎ፦ ቼናይ ላይ ባቡር ስታሳፍረኝ ምን ነበር ያልከኝ?

ዘውገ፦ «አይዞሽ» ነዋ።

ትርንጎ፦ «ተራ እንዳትይዢ። የሆስፒታሉ ፕሮፌሰር ወንድሜ ማለት ነው፤ ከእሱ በቀር ዓይንሽን ማንም እንዳይነካው። እኔ የምገዛውን የቅመም ወፍጮ አይቼ በማግሥቱ እደርሳለሁ፤ እጅሽን ይዤ በጓሮ በር አስገባሻለሁ።»

ዘውገ፦ ለክብርሽ ብዬ ነዋ! የእኔ እህት ወረፋ ትቁም?

ትርንጎ፦ የደሴው ሐኪም «ከዓይንሽ ጀርባ ያለው ሽፋን እየተላቀቀ ነው፤ ቀን የሚሰጥ አይደለም» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ቀን ሰጠሁ። ማክሰኞ ከጥግ በኩል ጥላ መጣ። ረቡዕ ግማሽ ደረሰ። ሐሙስ አምፖሉን በግራ ዓይኔ ፈልጌ አጣሁት።

ዘውገ፦ ታዲያ ለምን አልተሻገርሽም? በሩ ይኸው! ሃያ እርምጃ!

ትርንጎ፦ ታላቅ ወንድሜ ጠብቂ ብሎኝ።

ዘውገ፦ ...ስትደውይልኝ እኮ...

ትርንጎ፦ ስደውልልህ «ፕሮፌሰሩ እዚህ ቼናይ መጥቶ ሻይ እየጠጣን ነው» አልከኝ። ዓርብ የባለማረፊያው ሚስት እጄን ይዛ አሻገረችኝ። እንደ ሰው ሁሉ ወረፋ ቆምን፤ እንደ ሰው ሁሉ አስተናገዱን። ፕሮፌሰርህንም በስሙ ጠየቅኋቸው።

ዘውገ፦ ምን አሉ?

ትርንጎ፦ ፈለጉልኝ። መዝገብ ገለጡ፣ ሽማግሌ ሐኪም ጠየቁ። እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ገብቶም ወጥቶም አያውቅም።

ዘውገ፦ ምናልባት ጡረታ...

ትርንጎ፦ ጋሼ!

ዘውገ፦ ...አምና አውሮፕላን ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ነው። የማዱራይን የዓይን ሐኪሞች ሲያወድስ ሰማሁት።

ትርንጎ፦ ሐኪም ነው?

ዘውገ፦ መነጽር ይሸጣል።

ትርንጎ፦ ወይ ጉድ! ዓይኔን ያስያዝኩት መነጽር ሻጭ ጋ ነው። ወፍጮው ነው ይህን ያህል ያቆየህ?

ዘውገ፦ ወፍጮውን በግማሽ ቀን ጨረስኩ።

ትርንጎ፦ የቀረውንስ?

ዘውገ፦ ፕሮፌሰር ስፈልግ።

ትርንጎ፦ ምን?

ዘውገ፦ ቼናይ ውስጥ ያልረገጥኩት ሆስፒታል የለም። አንዱን ትልቅ ሐኪም ለምኜ፣ እጁን ይዤ ልመጣልሽ ብዬ። «ይኸው፣ አልኩሽ አይደል» እንድልሽ። ትርንጎ ትሙት፣ ይሄን አልጨመርኩበትም።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። ሲያሳፍርህ ነው እውነት የምትናገረው።

ዘውገ፦ ሐኪሞቹስ አሁን ምን ይላሉ?

ትርንጎ፦ ትናንት ቀዶ ሕክምና ሠርተውልኛል። «ሰኞ ብትመጪ ኖሮ» አሉኝ። ቀኙን እንከታተላለን፤ ግራውን ተይው አሉኝ።

ዘውገ፦ እንግዲህ ይሄን እማዬ ከሰማች...

ትርንጎ፦ የወንድምየውን መጨረሻ ልንገርህ? ሴትየዋ ናት የነገረችኝ።

ዘውገ፦ ይቅርብኝ።

ትርንጎ፦ ሰርጉ ማለቁን ከከተማዋ መግቢያ ወንዝ ዳር ሰማ። ሊሰጣት ያመጣውን እዚያው አስቀመጠና ከተማዋን ሳይረግጥ ተመለሰ።

ዘውገ፦ እኔ ግን መጣሁ! ዘግይቼም ቢሆን ገባሁ እኮ!

ትርንጎ፦ ገባህ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዘውገ፦ ስድቡን እቀበላለሁ። ብቻ እሷ አትስማ፤ በእኔ ኮርታ ትሙት። ያችን አንዲት ቃል፣ ትርንጎዬ... ኧረ ስልኩ ጠራ! እሷ ናት!

ትርንጎ፦ አቤት እማዬ... ደህና ነኝ፣ አታልቅሺ። ዘውገ? ዘውገማ ከአጠገቤ አልተለየም... አዎ፣ አሁንም እዚሁ ነው። በግራዬ በኩል ተቀምጧል፤ አይታየኝም።