የክብር እንግዳ የማይጠብቅ ሩጫ

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ፣ ቦሌ ሚካኤል እኛ በምንኖርበት መንገድ ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። በሰፈራችን ሰው የሚሰበሰበው መኪና ሲጋጭ ወይም ሰው ሲሞት ነውና እኔም እንደ ማንኛውም ሥራ ፈት ተጠጋሁ። መሐል ላይ አንዲት ወጣት እጀታ ያለው የመለኪያ ጎማ እየገፋች ትሄዳለች፤ በየመሐሉ ትቆምና ደብተሯ ላይ ጽፋ የአስፋልቱን ጠርዝ ቀይ ቀለም ታስነካዋለች። በዚህ ከተማ መንገድ ሲለካና ቀይ ቀለም ሲቀባ ያየ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቴ ሊፈርስ ነው ይላል። በያጁ ግርማይ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ወጥቷል፤ አንዲት እናትም የቤታቸውን ካርታ በፌስታል ይዘው ከኋላዋ ይከተላሉ።

ከሁሉም ፊት የቆሙት የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ኃይለኪሮስ ነበሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል፣ አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ንግግራቸው እንደ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ያለው ሰው ናቸው። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን የእድሩም ጸሐፊ ነኝ።

«መምህር፣ እንኳን መጡ፤ ምስክር ይሆኑናል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ወጣቷ ዞረው፣ «ልጄ፣ ቁርጡን ንገሪን። የሚፈርሰው መቼ ነው?» አሏት።

ቀና ስትል ለየናት። ሾላ ገበያ ሽንኩርትና ድንች የምትሸጠው የዘርፌ ልጅ፣ ሀይሚ ናት። እዚሁ ከተማ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆና ትሠራለች።

«ጋሼ ኃይለኪሮስ፣ ምንም የሚፈርስ ነገር የለም። የዘንድሮውን የሰፈር ሩጫ መንገድ እየለካሁ ነው።»

«በቀይ ቀለም?»

«ግርማይ ቤት በር ተቀብቶ የተረፈው እሱ ብቻ ነበር፤ ምን ላድርግ?»

ሰዉ ሳቀ። ባለ ካርታዋ እናት ፈጣሪን አመስግነው ፌስታላቸውን አጠፉ፤ ግርማይ ደግሞ ነገሩ ወደ እሱ ሳይዞር ወደ ብየዳው ገባ። ያልሳቁት አቶ ኃይለኪሮስ ብቻ ናቸው። እንዲያውም ፊታቸው ከቅድሙ ይበልጥ ጠቆረ።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ዓምና ሰፈራችን ለመጀመሪያ ጊዜ አስር ኪሎ ሜትር ሩጫ አዘጋጅቶ ነበር፤ በእኛ ሰፈር የሚሮጥ ነገር ሁሉ ማራቶን ስለሚባል እኛም ማራቶን አልነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኃይለኪሮስ ነበሩ። ሩጫው እሑድ ለአንድ ሰዓት ተጠርቶ አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል ተጀመረ፤ የክብር እንግዳው ስላልደረሱ ሦስት መቶ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ውሃው ሁሉ የተደረደረው እንግዶቹ ከተቀመጡበት ዳስ ሥር ነበር። ዘርፌ መድረሻው እየታያት ወደቀች። አምቡላንስ ተጠርቶ መጣ፤ ነገር ግን የእንግዶቹ መኪናዎች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘውት ስለነበር መግባት አልቻለም። በባጃጅ ተጭና ሄዳ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተነሣች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ኃይለኪሮስ ዘርፌን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ። አይቻለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። የእድር ጸሐፊ የሚጽፈው ስብሰባ ላይ የተነገረውን ብቻ ነው።

«ወደ እርስዎ ዛሬ ልመጣ ነበር» አለች ሀይሚ። «ወረዳው ፈቃዱን የሚሰጠን እድሩ ለመተባበር ደብዳቤ ከጻፈ ነው። እስከ ሰኞ ካልፈረሙልን ዘንድሮ ሩጫ የለም።»

«የለም እንዲባልማ ነው የምፈልገው» አሉ ሽማግሌው፤ የእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። እኛም አጠገባቸው ተቀመጥን። «ልጄ፣ ሩጫ የአትሌት ሥራ ነው። እነሱ ይሩጡ፣ እኛ እናጨብጭብ። የልጆች እናት ጎዳና ወጥታ ስታለከልክ ምን ደስ ይላል?»

«ጋሼ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ደም ግፊትና ስኳር የምለካላቸው ሰዎች እኮ የዚሁ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ሱቅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው የሚውሉ፣ ከቤት እስከ ታክሲ እንኳ በባጃጅ የሚሄዱ። መድኃኒቱን ስሰጣቸው ‹ትንሽ ተንቀሳቀሱ› እላለሁ። ‹የት?› ይሉኛል። ‹ብቻዬን ብሮጥ ሰው ያበደ ይለኛል› ይላሉ። የሰፈር ሩጫ ካለ ግን ለሱ ብለው ሦስት ወር ይለማመዳሉ። ጥቅሙ ያ ሦስት ወር ነው።»

«እሺ ይሁን። መለካቱስ ምን አስፈለገ? ዓምና አንድ የታክሲ ሹፌር አስር ኪሎ ሜትር ነው ብሎናል፤ አስር ነው። ለጥቂት እርምጃ ቀለም ማባከን!»

ሀይሚ ደብተሯን ገለጠች። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«የዓምናውን መንገድ ትናንት በዚህ ጎማ ለካሁት ጋሼ። አስራ አንድ ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ሜትር ነው። እናቴ ያላትን አቅም ለአስር መጥና ነው የሮጠችው። የወደቀችው አስሩን ጨርሳ ነው።»

እኔ ለሃያ ስድስት ዓመት ልጆችን ርቀትና ስኬል ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ፤ ተለክቷል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። እዚያ አግዳሚ ላይ እንዳፈርኩ አፍሬ አላውቅም።

አቶ ኃይለኪሮስ ግን ገና እጅ አልሰጡም። «ደግሞ ሁላችሁም ዓመቱን ሙሉ የምታወሩት ሰዓቱ ዘገየ እያላችሁ ነው። የጠሩትን እንግዳ መጠበቅ የአባት ወግ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ግን ጋሼ፣ በአንድ ሰዓት ተገኝተው የቆሙት ሦስት መቶ ሰዎችስ የማን እንግዶች ነበሩ? እነሱንም እኮ የጠራናቸው እኛ ነን። አንዱን አከበርን ብለን ሦስት መቶውን አዋረድን።»

«አሁን ደግሞ የእድሩን ድንኳን ልትጠይቂኝ ነው። የለቅሶ ድንኳን ለጨዋታ ማቆም ሟርት ነው፤ አባላቱም አይቀበሉም።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ይህን ነገር ስትጠብቀው እንደነበረ አሁን ገባኝ።

«ባለፈው ሰኔ አቶ አረጋዊ ሲያርፉ፣ ለእድሩ የተነገረው ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«ንጋት ላይ። አስራ አንድ ሰዓት።»

«ድንኳኑ ስንት ሰዓት ቆመ?»

«አስራ ሁለት ከሩብ ላይ ቆሟል» አሉ ሽማግሌው፤ ኩራታቸው ሳያስቡት ወጣ። «እኛ ዘንድ እኮ ተራ አለ ልጄ! የወንበር ተረኛ አለ፣ የውሃ ተረኛ አለ፣ መኪና የሚያሳልፍ አለ። ሳጂዳ ሱቋን ዘግታ ሻይና ዳቦ ታቀርባለች። መዝገብ አለን። ማንም ‹የት ልቁም› ብሎ አይጠይቅም።»

«ቀብሩ የክብር እንግዳ ጠብቆ ያውቃል?»

«የማይሆነውን! አስከሬን አስቀምጦ ማን ይጠብቃል? ቀብር በሰዓቱ…»

እዚህ ላይ አቆሙ። ሀይሚ በቀስታ ጨረሰችላቸው።

«ጋሼ፣ ለሞተ ሰው በሰዓቱ እንደርሳለን። በሕይወት ያለውን ፀሐይ ላይ አቁመን እንግዳ እንጠብቃለን። እኔ ከውጭ አገር ያመጣሁት አዲስ ነገር የለኝም። ለቀብር የምታደርጉትን ያህል ሥርዓት ለሩጫው አድርጉልን ነው የምለው። ድንኳኑም ቢሆን፣ እናቴ ዓምና ጥላና ውሃ ብታገኝ ኖሮ ለእሷ ሊተከል አይቃረብም ነበር።»

ቃሉ ከበደ። አቶ ኃይለኪሮስ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ።

«አስጀማሪው ሁለት ጊዜ ‹ፀሐዩ በረታ፣ እናስጀምር› ብሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ‹ሰውዬው ይቀየሙናል› ብዬ ያቆየኋችሁ። እናትሽ ስትወድቅ አይቻለሁ። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ሩጫው ቢቀር እኔም የምረሳው መስሎኝ ነው፣ ልጄ።»

እኚህን ሰው ሃያ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ጥፋቴ ነው ሲሉ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። አሳዘኑኝ፤ ከምንጊዜውም በላይም ወደድኳቸው።

«እናቴ ዘንድሮም ትሮጣለች» አለች ሀይሚ። «ፈቃድ ባይገኝም በዚያው ቀን ብቻዬን እሮጣለሁ ብላለች። ሐኪሟ ‹ጠዋት ከሆነና ውሃ ካለ ትችያለሽ› ብሏታል። እኔ የምፈራው ብቻዋን መሮጧን ነው።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ብቻዋንማ አትሮጥም። ያን ደብተር አምጪው።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ማየት ደስ ይል ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ዕቅዱን መስመር በመስመር መረመሩ። እሑድ ቅዳሴ ስለሚያስተጓጉል ቅዳሜ መሆኑን፣ መንገዱም በቤተ ክርስቲያኑ በር እንደማያልፍ ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሃ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ብለሻል፤ ማን ይቀዳል?» አሉ። «የውሃ ተረኞቻችን ይቅዱ፤ ድንኳኑም ለጥላ ይተከል። ቅያስ ቅያሱ ላይ ወንበር ይዘው የሚቆሙ ሃያ ሁለት ሰዎች እሰጥሻለሁ። ለአምቡላንስ አንድ መንገድ ክፍት ይሁን፤ ማንም መኪና እንዳያቆምበት። የሯጮቹ ስም ከቤተሰብ ስልክ ጋር በመዝገብ ይያዝ። የወደቀ ኩባያ የሚለቅም ተረኛ አልጻፍሽም፤ ጻፊ!» የትብብሩን ደብዳቤ ጽፌ ሲፈርሙም፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። እኛ ዓምና ጭራሹን አልታጠቅንም» አሉ።

ሩጫው ኅዳር ላይ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ሰዓቱ አስር ደቂቃ ሲቀረው የሊቀመንበሩ ስልክ ጠራ። የዘንድሮው የክብር እንግዳ ናቸው፤ መንገድ ላይ ነኝ፣ ትንሽ ጠብቁኝ ይላሉ። የኮሚቴው አባላት ተያየን። እውነቱን ልናገርና፣ «አምስት ደቂቃ ብንጠብቅ ምን ይለናል?» ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ። የአገር ልማድ ከተማረ ሰውም ቶሎ አይለቅም።

አቶ ኃይለኪሮስ ወደ ተሰለፈው ሰው አዩ። ዘርፌ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆማ ሻሿን ታጠብቃለች። «ክቡርነትዎ፣ መንገዱ ላይ እንዳሉ ቀስ ብለው ይምጡ፤ እኛ ጀምረናል» አሉና ስልኩን ዘጉ። አስራ ሁለት ተኩል ሲል ፊሽካውን ነፉ።

እንግዳው የመጡት ሯጮቹ የመንገዱን ግማሽ ከሄዱ በኋላ ነው። ሳጂዳ ቅያሱ ላይ ወንበሯን አጋድማ መኪናቸውን አስቆመችና በትሕትና በእግራቸው እንዲገቡ ነገረቻቸው። ደግነቱ ሰውየው ጨዋ ነበሩ፤ ኮታቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ውሃ ሲያድሉ ቆዩ። ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሃይለኣብ የሚባል የታክሲ ሹፌር እግሩ ታጥፎ ወደቀ፤ የቅያሱ ተረኛ ደወለ፤ አምቡላንሱ በአራት ደቂቃ ደረሰለት። ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ መንገዱ ተጠርጎ ተከፈተ፤ ሱቆች ተከፈቱ፤ ማንም ‹ሩጫው ገበያዬን ዘጋው› አላለም።

ጥቅሙ በዚያ አላበቃም። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ስወጣ የሚሮጡ፣ የሚራመዱ ጎረቤቶቼን አገኛለሁ፤ ያበዱ የሚላቸው የለም። የቅያሱ ተረኞች ስም ዝርዝር እሳት ቢነሣ፣ ሰው ቢታመም የሚያገለግል ሆኗል። የእድሩም ስብሰባ በሰዓቱ ይጀመራል። ይህን ያወቅሁት ባለፈው ወር ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ስደርስ ቃለ ጉባኤው በሌላ ሰው እጅ ጽሕፈት ተጀምሮ፣ ‹ጸሐፊው ቀርተዋል› ተብሎ ተጽፎ ሳገኘው ነው። የጎደለን እውቀትና ሀብት አልነበረም፤ ያለንን ሥርዓት ለሐዘን ብቻ ቆጥበን ኖረን ነው።

ወደ መድረሻው ልመለስ። ዘርፌ ከመጨረሻዎቹ መካከል ነበረች። ቀስ ብላ፣ ግን ሳትቆም፣ መስመሩን አለፈች። አቶ ኃይለኪሮስ ኩባያ ውሃ ይዘው ቆመዋል።

«ይቅር በዪኝ ዘርፌ» አሉ። «ለአንድ ሰው ብዬ አንቺን ልገድል ነበር።»

ውሃውን ተቀብላ እስከ መጨረሻው ጠጣች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅናት።

«ይቅር ለእግዜር ጋሼ» አለች። «እኔ በመውደቄ አዝኜብዎት አላውቅም። የሚወድቅ ይወድቃል። ያዘንኩት ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ ሲከለክሉኝ ነው።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ እንባቸውን አልደበቁም።

«እንዴት አደርሽ፣ ዘርፌ?» አሉ።