በግ የላሰው ገንዘብ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ አመተሥላሴ ቴዎፍሎስ
ዕድሜ፦ 77
ሥራ፦ በጡረታ ላይ ያሉ መምህርት
አድራሻ፦ ቀየት ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የወ/ሪት ጽናት ማዕረግ መጥፋት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ኃይለመስቀል ጫኔ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናገራለሁ። ተጠርጣሪውን አንዷለም ይታየውን አውቀዋለሁ፤ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ጠፋች የተባለችው ጽናት ማዕረግ የእህቴ የልጅ ልጅ ናት። ሁለቱ የንግድ ሽርካ ናቸው እንጂ ሌላ ግንኙነት የላቸውም። አንዷለም ልጅቷን ገደል ገፍቶ ጣላት ተብሎ መያዙን ሰምቻለሁ። አልጣላትም። ያለችበትን አውቃለሁ።

ከቀየት ወጣ ብሎ፣ ከገደሉ አፋፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ አንድ ስንጥቅ አለ። በሌላ ቀን ዓለት ነው፤ ቅዳሜ ጉም ሲሞላው ግን ሰው ያሳልፋል። በዚያ ሲያልፉ ማዶ የምንለው አገር ይገኛል። ሰዎቹ እንደኛ ክርስቲያኖች ናቸው፤ አማርኛቸው የጥንት ነው። ፀሐያቸው በምዕራብ ትወጣለች፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። መርማሪው እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጦ «እማማ፣ ይህን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?» አለኝ። «እንደተናገርኩት» አልኩት።

የማዶ ገበያ ሹም ነጋድራስ አትናቴዎስ ይባላሉ። በሕጋቸው መሠረት፣ ንግድ ሲደረግ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ አዛውንት እውነት ለመናገር ምሎ የመስፈሪያውን ቁና ይይዛል። በእኛ ወገን ምዬ ቁናውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አንዷለም መጀመሪያ ያወረደው የእጅ ባትሪ ነው። አንዱን በሦስት በግ ሸጠ። ባትሪ ያልገባበት ቤት ሲጠፋ ዋጋው ወደ አንድ በግ ወረደ። ያን ጊዜ ባትሪውን በርካሽ እየሰጠ የባትሪ ድንጋዩን አስወደደው፤ ድንጋይ ያልቃልና ገዢው ተመልሶ ይመጣል። ቀጥሎ ጄሪካን አወረደ። የማዶ ሸክላ ሠሪዎች እንስራ የሚገዛቸው አጥተው ያመጡትን ተሸክመው ሲመለሱ አየሁ። ይህን ለአንዷለም ብነግረው «ገበያ ነው እማማ፤ ገበያ አያለቅስም» አለኝ። «ሸክላ ሠሪዋ ግን ታለቅሳለች» አልኩት።

የማዶ ገንዘብ አሞሌ ጨው ነው። በልጥ የታሰረ፣ ከእጅ እጅ ሲዞር የጠቆረ፣ ለማግኘትም የሚያስቸግር ነው። አንዷለም ይህን ሲረዳ ከሞላሌ ገበያ የጆንያ ጨው ገዝቶ አመጣ። ጽናት በውኃ እያራሰች፣ በእንጨት ቅርጽ እየጠቀጠቀች፣ በፀሐይ አድርቃ በልጥ አሰረችው። «ጨው ለጨው ነው፤ ማንን አታለልን?» ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዷለም ዕቃ ማውረዱን ትቶ በጨው ብቻ በግ፣ ሱፍና ማር ገዛ። በአራት አሞሌ የነበረ በግ ስምንት ገባ፤ ቆይቶም አስራ አምስት። ሰዎቹ በረከት መስሏቸው አሞሌውን በየጎታው አከማቹ። ነጋድራሱ ብቻ አዲሱን ነጭ አሞሌ ባዩ ቁጥር ያገላብጡት ነበር።

ቅዳሜ ጥር 24 ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ በማዶ ገበያ አንዷለም የገዛቸውን በጎች ለመንዳት ተዘጋጀ። በእኛ አገር በግ ረጅም መንገድ ከመነዳቱ በፊት ጨው ይልሳል፤ አዲሱን ጌታውን እንዲከተል ነው። አንዷለም እጁ እንደለመደው አንድ አሞሌ ሰብሮ፣ አድቅቆ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በተነው። በጎቹ ተሻምተው ላሱት። አንዲት ማር ሻጭ አይታ «ኧረ እዩልኝ! ገንዘብ ለበግ ያበላል!» ብላ ጮኸች። አንዱ ጎረምሳ «ባገሩ ገንዘብ ሣር ነዋ!» ብሎ ሳቀ። አብሮት የሳቀ አልነበረም።

ነጋድራሱ መጥተው «ይህ ባገራችሁ ምንድን ነው?» አሉ። አንዷለም «ጨው ነው፣ ጌታዬ» አለ። «ምን ያህል ያወጣል?» ሲሉት በጎቹን ይሰበስብ ጀመር። ወደ እኔ ዞረው «ቁና የያዙት ይናገሩ» አሉ። አንዷለም በዝግታ «እማማ፣ በእመብርሃን» አለኝ። መሐላ ነበረብኝና «ባገራችን ሕፃን ተልኮ በዝርዝር ሳንቲም ይገዛዋል» አልኩ።

ማር ሻጯ ወዲያው ማሯን ከደነች። በግ የሸጡት በጋቸውን ሊያስመልሱ ሮጡ። አንድ ሽማግሌ ለልጃቸው ሰርግ ያጠራቀሙትን አሞሌ ከአኮፋዳ እያወጡ በአንድ ቁና ገብስ ልለውጥ ቢሉ የሚቀበላቸው አጡ። ዱላ ተነሣ፤ ሰዉ ከበበን። ነጋድራሱ መሐል ገብተው «ደም አይፍሰስ! ነጩ ከጥቁሩ ተለይቶ ካገር እስኪወጣ ከእናንተ አንድ ሰው እዚህ ይቀራል» አሉ። አንዷለም ጽናትን አያት። እሷም «የእጄን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ፤ እለየዋለሁ። አንተ ለቅዳሜ ጨዉን የሚጭን አጋሰስ ይዘህ ና» አለችው። «እመጣለሁ» ብሎ ማለ። እስከ ስንጥቁ ሸኝታን፣ መንገዱ እንዳይጠፋው ሻሿን ፈትታ፣ እጇን በስንጥቁ አሻግራ በእኛ በኩል ባለ የአስታ ቁጥቋጦ ላይ አሰረችው። ፖሊስ ከገደሉ ያገኘው ሻሽ ይኸው ነው።

ቅዳሜ የካቲት 1 ቀን አንዷለም አልመጣም። ብቻዬን ወረድኩ። ጽናት ከጨው ክምር መሐል ተቀምጣ ነበር፤ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው ደም ይወጣቸው ነበር። «የታለ?» አለችኝ። «አልመጣም» አልኳት። ነጋድራሱ «ጨዉ በየቤቱ ገብቷል፤ ከሁዳዴ በፊት ተለይቶ አያልቅም። ልጅቷ እንድትወጣ ሰው ይተካ። ጨዉን ያመጣው ራሱ ቢተካ ይገባል፤ እሱ እምቢ ካለ የማለው አዛውንት ይበቃል» አሉኝ። ሁዳዴ ማዶ ላይ የገባበት ሰው የአገሩ ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ስንጥቁ ለዘለዓለም አያሳልፈውም።

በማግስቱ አንዷለም ቤት ሄድኩ። «እማማ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ» አለኝ።

«እሷስ?»

«እሷ ገና ልጅ ናት፤ ትለምደዋለች።»

አርብ የካቲት 7 ቀን በጽናት አባት ክስ ተያዘ። በማግስቱ ቅዳሜ ብሄድ ጉም ስላልነበረ ዓለቱ አላሳለፈኝም። የፊታችን ቅዳሜ የካቲት 15 ከሁዳዴ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ናት።

አንዷለም በፖሊስ ታጅቦ እንዲወርድ ጠይቄ፣ ሕግ እንደማይፈቅድ መርማሪው በትሕትና ነግሮኛል። ዛሬ ጠዋት ግን በመርማሪው ፊት አንዷለምን «ቢፈቀድልህ ትወርዳለህ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። አንገቱን ደፍቶ «እማማ፣ እዚህ ይሻለኛል» አለ። ስለዚህ ገድሏታል የሚለው ሐሰት ነው፤ ትቷታል የሚለው እውነት ነው። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ ለየብቻ እንዲጻፍልኝ አድርጌያለሁ።

ሌላ የምጨምረው እንዳለ ተጠይቄ፦ ጉም ከወረደ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ወርጄ ልጅቷን እተካለሁ። ጽናት ስትወጣ ራሷ እዚህ ቀርባ ቃሏን ትስጥ፤ አንዷለምም ያን ጊዜ ይፈታ። ለችሎት ብጠራ መጥሪያ በሚደርስበት ስፍራ አልገኝም። ስለዚህ ለሌላ ቀን ያቆየሁት ቃል የለም። የተጻፈው ተነቦልኝ፣ ሁለት ቦታ አሳርሜ፣ ያየሁትና የሰማሁት ብቻ መሆኑን በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ አመተሥላሴ ቴዎፍሎስ

የመርማሪው ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ኃይለመስቀል ጫኔ