ግዝት ያለበት ፊደል

— ሄሎ... አባባ? ይሰሙኛል? ... እኔ ነኝ፣ ወንጌላዊት። ከጠዋት ጀምሬ ስደውል ስልክዎ ዝግ ነው... ቅዳሴ ላይ ነበሩ? ... ይሁን፣ እንኳን ደወሉ።

ወንጌላዊት ዛሬ አርፋ አልተቀመጠችም። ከባልደረባዋ ከዕንባቆም ጋር በሚሠሩባት፣ አራዳ ባለችው ጠባብ ቢሮ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ትመላለሳለች። ለትምህርት ቤቶች በነጻ የሚታደለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም ማለት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይለቀቃል። ሁሉም ተሰናድቶ አንድ ፎንት፣ አንድ የፊደል መልክ ብቻ ደጅ ቀርቷል። እሱም ከአባቷ ከመሪጌታ ኪዳነወልድ የእጅ ጽሕፈት የቀዳችው ነው፤ ሰውየው እናቷ ካረፈች ወዲህ ጠዳ አጠገብ ካለው ደብራቸው ንቅንቅ አላሉም።

— ፊደሉማ ሸጋ ነው፣ ማን ጠላው? ችግሩ መጨረሻው ላይ ያስጻፉኝ ነው... አዎ፣ ግዝቱ። «የሸጠው፣ የፋቀው፣ የለወጠው ውጉዝ ይሁን» ያሉት... አውቃለሁ፣ መጽሐፍ ያለ ግዝት አይዘጋም። እኔም ልማድ ነው ብዬ የአጠቃቀም ፈቃዱ የሚጻፍበት ቦታ ላይ አስገባሁት። እዚያ የገባ ነገር ግን እንደ ሕግ ነው የሚነበበው፣ አባባ።... አንተ ዕንባቆም፣ ቆይ አልኩህ እኮ! እጅህን አንሣ።

ዕንባቆም ፎንቱን ከጥቅሉ ሊያወጣው ነው። አብሮ የሚለቀቀውን ሁሉ ማንም ሊቀዳው፣ ሊለውጠው፣ ሊሸጠውም ይችላል ብለው አስቀድመው አስታውቀዋል፤ አንዱ ብቻ «አይሸጥም» ካለ የጥቅሉ ፈቃድ ፈረሰ ይላል። እውነቱን ነው። እሷን ያንገበገባት እውነቱን መሆኑ ነው።

— ማን ይሸጠዋል? እዚህ ታች ያለው ባለ ሱቅ ነዋ። ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ከሸጠ ፊደሉንም ሸጠው ማለት ነው... እሱም ይወገዝ? ኧረ አባባ፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው።

— ሄሎ? ... ሄሎ... እሺ፣ መስመሩ ተመለሰ። አንድ መላ አለ። ለፎንት ብቻ የተዘጋጀ ፈቃድ አለ። ፊደሉ ለብቻው አይሸጥም ይላል፤ ከሌላ ጋር ተጠቅልሎ ግን ይሄዳል... መለወጥ? አዎ፣ ይለውጡታል። የለወጠው ሰው ግን የፊደሉን ስም ይተዋል፤ ሌላ ስም ያወጣለታል... አዎ፣ ያበላሸው በስሙ አይነግድም።

— ግዝቱንማ እኔ አልሰርዘውም። ያሰሩት እርስዎ ነዎት፣ የሚፈቱትም እርስዎ... ምን ብዬ ልድፈር?

ዕንባቆም አልሳቀም፤ እሱም የቄስ ልጅ ነው።

— አባባ? ... እኔማ ደባርቅ ያለ ልጅ በእርስዎ እጅ ጽሕፈት ሀሁ እንዲቆጥር ነው የፈለግኩት። ካልፈቱት እናወጣዋለን፤ ከእኔ ኮምፒውተር በቀር የትም አይታይም... ይፈቱልኛል? ... እሰይ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባባ።

— ስሙን? ... እኔማ «ኪዳነወልድ» ብዬዋለሁ፣ በእርስዎ... አይሆንም? ታዲያ በማን ይሁን?

እግሯ መስኮቱ ጋ ቀጥ አለ። ከታች የባጃጅ ጡሩምባ ይጮኻል፤ አልሰማችውም።

— ወለተሩፋኤል... አዎ፣ የእማዬ የክርስትና ስም። ... ከእርስዎ በቀር በዚያ ስም የሚጠራት የለም... አዎ። ጸሎት ላይ እርስዎ ብቻ... ከእንግዲህ ግን ብዙዎች ይጠሯታል፣ አባባ። ይህን ፊደል የሚመርጥ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ስሟን ነው የሚያነበው... አላለቀስኩም። ... አላለቀስኩም አልኩዎ እኮ፣ ኔትወርኩ ነው። ሄሎ? ... አባባ? ... ሄሎ...

ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችው። ዕንባቆም ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አዘጋጅቶ ያያታል።

— ግዝቱን ሰርዘው፣ ፈትተውታል። ስሙን ግን ተወው፤ እሱን እኔ ልጻፈው።